ከ85 እስከ 87፦ የአንድ የስኪ ዘመን ታሪክ

እንደምን አመሻችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፣ በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ስኪ፣ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ስለሚወዳደሩት ስፖርት ነው። "እኛና ስኪ ምን አገናኘን?" ያላችሁኝ አላችሁ። መልስ አለኝ፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ አንድ የውድድር ዘመን ልንገራችሁ፤ ስለ 2022/23። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እኔ የሻትል ሹፌር ነኝ። ከዴንቨር አየር ማረፊያ ሰው ጭኜ ወደ ተራራው፣ ወደ ቬይልና ወደዚያ አካባቢ አደርሳለሁ። ዋሻውን አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ከኋላዬ የሚወራው ሁሌም አንድ ነው። ስንት በረዶ ጣለ፣ የትኛው ተራራ ተከፈተ፣ የማን ጉልበት ተጎዳ። መጀመሪያ ላይ ጆሮ አልሰጥም ነበር። አንድ ቀን ግን ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ሴትዮ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ስለ አንዲት የቬይል ልጅ ሲነግሩኝ ሄዱ። የሚያወሩት ስለ ልጅ ልጃቸው ነበር የሚመስለው። ቬይል ስንደርስ ሻንጣቸውን አወረድኩላቸውና ስሟን በስልኬ ላይ እንዲጽፉልኝ ጠየቅኳቸው። ሚካኤላ ሺፍሪን ብለው ጻፉልኝ።

ከዚያ በኋላ የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ ስገባ ማየት ጀመርኩ። የአውሮፓ ውድድር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ የሚጀምረው ሌሊት ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቤተሰቡ ተኝቶ፣ ድምፁን አጥፍቼ፣ ሻይዬን ይዤ አያለሁ። ያንን ዘመን ከጥቅምት እስከ መጋቢት እንዲህ ነው ያየሁት። የምነግራችሁም ሰው የነገረኝን ብቻ ሳይሆን ያየሁትን ነው።

አንድ ነገር ቶሎ ላጥራ። "የዓለም ዋንጫ" ሲባል እኛ ጆሮ ውስጥ የሚገባው እግር ኳስ ነው። አንድ ወር ይፈጃል፣ አንድ ፍጻሜ አለ፣ አንድ አገር ዋንጫ ያነሳል። የስኪው የዓለም ዋንጫ እንደዚያ አይደለም። እሱ ሊግ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ፣ ከአገር አገር፣ ከተራራ ተራራ እየተዞረ ሰላሳ አርባ ጊዜ ይወዳደሩበታል። በየውድድሩ አንደኛ የወጣ 100 ነጥብ፣ ሁለተኛ 80፣ ሦስተኛ 60፣ አራተኛ 50 እያለ ይወርድና ሠላሳኛው 1 ነጥብ ይዞ ይሄዳል። መጋቢት ላይ ይደመራል። ከሁሉም የበለጠ ነጥብ ያለው ትልቅ የክሪስታል ሉል ይሸለማል፤ በየውድድር ዓይነቱ ደግሞ ትንንሽ ሉሎች አሉ። ነገሩ የተጀመረው በ1967 ነው፣ ዋናው ሐሳብ አፍላቂም ሰርዥ ላንግ የሚባል ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ነበር። የአንድ ቀን ድል ለብቻው በቂ አይደለም፣ ክረምቱ በሙሉ ይቆጠር ነው ያሉት።

እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ዛሬም የመጣሁት ይህንን ለመናገር ነው።

ለምን መሰላችሁ? በየካቲት 2022 የቤጂንግ ኦሎምፒክ ነበር። ሚካኤላ ሺፍሪን የዓለም ምርጥ ተብላ ነው የሄደችው። ውድድሩ በረዶው ላይ በተተከሉ ዘንጎች፣ "በር" በሚሏቸው፣ መሀል እየተጠማዘዙ መውረድ ነው፤ ዓይነቶቹን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። በጃያንት ስላሎም ገና ከመነሻው ወደቀች። በስላሎም፣ ከማንም በላይ በምትችለው፣ ጥቂት በሮች አልፋ ከመስመር ወጣች። ከዚያ ስኪዋን አውልቃ መንገዱ ዳር በረዶው ላይ ተቀመጠች። አንገቷን ደፍታ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ካሜራው አልነሳ አላት። በሦስት ውድድሮች ሳትጨርስ ቀረች፣ በግል አንድም ሜዳሊያ ሳታገኝ ተመለሰች። ዓለም ሁሉ "ምን ነካት?" አለ። ስኪ አይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር አዘነላት፣ አንዳንዱም ሰደባት።

አሁን ልብ በሉ። ከአንድ ወር በኋላ፣ በዚያው ክረምት፣ ያቺው ልጅ የዓለም ዋንጫን ትልቁን ሉል ወሰደች። ለአራተኛ ጊዜ። ያንን ማን አወራ? የሻትል ተሳፋሪዎቼ እንኳ የሚያወሩት ስለ ቤጂንግ ነበር። እኛም ይህን እናውቀዋለን። አንድ ሯጭ ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፍ ከርሞ ኦሎምፒክ ላይ አራተኛ ቢወጣ ቦሌ ላይ አበባ ይዞ የሚጠብቀው የለም። እኔም ከማይጠብቁት አንዱ ነበርኩ። አሁን ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሰው የሚመዘነው በረጅሙ ነው ብዬ አምናለሁ፣ የ2022/23 ዘመን ያሳመነኝም ይህንኑ ነው።

እስቲ ስለ በረዶው ራሱ ትንሽ ልበል። በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውም በረዶ ነው፣ ይሄ ደጃችን ላይ የተቆለለውም በረዶ ነው። አመዳይ የሚል የቆየ ቃል አለን፣ ግን ከተማ ውስጥ ብዙ አይሰማም። ለእነዚህ ተወዳዳሪዎች ግን ልዩነቱ እንጀራቸው ነው። ፊልም ላይ የምናየው እንደ ጥጥ የሚቦነው በረዶ ለውድድር አይፈለግም። የስላሎም መንገድ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃው በግፊት ወደ ውስጥ ይገባና ሌሊቱን ይጋገራል፣ ጠዋት ላይ መስታወት ይሆናል። ምክንያቱ ፍትሕ ነው። በረዶው ለስላሳ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ተወዳዳሪዎች አርሰውት ይሄዳሉ፣ ሠላሳኛው ሰው ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚወርደው። ጠንካራ ከሆነ ግን ለኋለኛውም ይተርፋል። በዚያ መስታወት ላይ ነው በስል የብረት ጠርዝ እየቆረጡ የሚታጠፉት።

አራት ዋና ዓይነት አለ። ስላሎም ዘንጎቹ የተጠጋጉበት ነው፣ በክንድና በጉልበት ዘንጉን እየመቱ ነው የሚያልፉት። ጃያንት ስላሎም ሰፋ ይላል። ሱፐር ጂ ከዚያም ይሰፋል፣ ይፈጥናልም። ዳውንሂል ደግሞ ቁልቁለቱ ራሱ ነው፤ በሰዓት 130 እና 140 ኪሎ ሜትር በሁለት እግር። እኔ በቫን 120 ስነዳ እጄ ያልበዋል።

ስላሎምና ጃያንት ስላሎም ሁለት ዙር አላቸው። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች። በመጀመሪያው ዙር ከተሻሉት 30 ሰዎች ሠላሳኛው በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ይወርዳል፣ አንደኛው መጨረሻ ይወርዳል። ስለዚህ መሪው ሁሌም ላይ ላይ ብቻውን ይቀራል። የታች ጩኸት ይሰማል። ማን ስንት እንደገባ አያይም፣ ግን ከጩኸቱ ይገምታል። ሁሉ ሰው አልፎ እሱ ብቻ ነው የቀረው። ያ ብቸኝነት ይከብደኛል፣ ሳየው እኔው ራሴ ልቤ ይመታል።

እሺ፣ ወደ ዘመኑ።

ዘመኑ የተጀመረው በረዶ አጥቶ ነው። የመጀመሪያው ውድድር ኦስትሪያ ዞልደን ላይ በጥቅምት ነበር፤ የሴቶቹ በዝናብ ተሰረዘ፣ የወንዶቹ በማግስቱ ተካሄደ። ቀጥሎ የታሰበው በታሪክ የመጀመሪያው ነገር ነበር። ከስዊዘርላንድ ተነስቶ ጣሊያን የሚጨርስ ዳውንሂል፣ በማተርሆርን ተራራ ግርጌ። ከአንዱ አገር ተነስተህ ሌላ አገር ትደርሳለህ፣ ፓስፖርት የሚጠይቅህ የለም። ለወንዶችም ለሴቶችም አራት ውድድር ተይዞ ነበር። አራቱም ተሰረዙ፣ ታች ላይ በቂ በረዶ ስላልነበረ። ከዚያ ሌህ የሚባለው የኦስትሪያ ከተማ ላይ የታሰበውም ቀረ፤ ሞቆ ነበር። ጥር ላይ ደግሞ ጀርመን ጋርሚሽ የነበረው የወንዶች ውድድር በረዶ አጥቶ ወደ ጣሊያን ኮርቲና ተዛወረ።

እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም። ግን ያ ክረምት አልፕስ ላይ ጥር ወር ውስጥ አረንጓዴ ሣር መሀል ለመሀል አንድ ነጭ ጥብጣብ ተዘርግቶ ሰዎች በዚያ ላይ ሲወርዱ አየሁ። ያንን ነጭ ጥብጣብ ማሽን ነው የሠራው። በዚያው ክረምት በርካታ ተወዳዳሪዎች ፈርመው ለዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፉ። ዘመኑን በልኩ እናድርገው፣ የጉዞውን ካላንደር እናስተካክለው የሚል ነበር። እኔ ልጆቹን ደገፍኩ። ዝናብ በጊዜው አልመጣ ሲል ገበሬ የሚሰማው ስሜት ከየት ከየት ተነስቶ መጣብኝ። አያቴ ደጅ ቆመው ሰማይ ሲያዩ አስታወስኩ።

ኅዳር ላይ ውድድሩ መስመር ያዘ። ፊንላንድ ሌቪ ላይ ሺፍሪን ሁለቱንም ስላሎም አሸነፈች፤ እዚያ ለአሸናፊ የሚሰጠው አጋዘን ነው፣ እውነተኛ አጋዘን። ከዚያ ወደ አሜሪካ መጡ፣ ወደ ኪሊንግተን፣ ቬርሞንት። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ተራራ ላይ የተካሄደውን የዓለም ዋንጫ ስላሎም ሁሉ ያሸነፈችው ሺፍሪን ነበረች። በዚያ ቀን ግን አላሸነፈችም።

ያሸነፈችውን ከመናገሬ በፊት ዌንዲ ሆልደነር ስለምትባል ስዊዘርላንዳዊት ልንገራችሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ዋንጫ ስላሎም 15 ጊዜ ሁለተኛ፣ 15 ጊዜ ሦስተኛ ወጥታለች። ሠላሳ ጊዜ መድረክ ላይ ቆማለች፣ አንድም ጊዜ መሀል ላይ አልቆመችም። ሌላ ዓይነት ውድድር አሸንፋለች፣ ስላሎም ግን እምቢ አላት። እስቲ አስቡት። ሠላሳ ጊዜ ያንቺ ያልሆነ መዝሙር ሲዘመር ፈገግ ብሎ መቆም። ኪሊንግተን ላይ ወረደች፣ ጥሩ ሰዓት ገባች። ከስዊድን የመጣች አና ስቬን ላርሶን የምትባል ደግሞ ወረደች፤ እሷም በዓለም ዋንጫ አሸንፋ አታውቅም። ሰዓቱ ቆመ። ቁጥሩ አንድ ነው። በሁለት ዙር፣ እስከ ሰከንድ መቶኛ ድረስ፣ እኩል። ሁለቱም አንደኛ።

አንዳንድ ሰው "ከጠበቀች አይቀር ብቻዋን ብታሸንፍ ጥሩ ነበር" ይላል። እኔ አይመስለኝም። ሁለቱ ሲተቃቀፉ ያየ እንደዚያ አይልም። ዌንዲ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴስትሪየሬ፣ ጣሊያን ላይ ብቻዋን አሸነፈች። በሩ አንዴ ከተከፈተ ወዲያ እንዲህ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሶፊያ ጎጂያ አለች። ጣሊያናዊት፣ የዳውንሂል ንግሥት። ሳን ሞሪትዝ ላይ ዓርብ ቀን ስትወርድ ግራ እጇ ከበሩ ጋር ተጋጨ። ሁለት የመዳፍ አጥንት ተሰበረ። ያም ሆኖ ሁለተኛ ወጣች። በዚያው ቀን ወደ ሚላኖ ወሰዷት፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ብረት ገባላት። ማታ ተመለሰች። ቅዳሜ ጠዋት፣ አዎ በማግስቱ፣ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ በዚያው ተራራ ላይ ዳውንሂል ወረደች። አሸነፈች።

ይህንን ለባለቤቴ ነግሬያት "ልጅሽ ብትሆን ትፈቅጂላት ነበር?" አልኳት። ነርስ ናት። "በፍጹም" አለች፣ ወዲያው። እኔም እንደ አባት አልፈቅድም። ግን ያንን ሩጫ አራት ጊዜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ሺፍሪን ልመለስ።

በወንዶችም በሴቶችም የምንጊዜም የድል ክብረ ወሰን የስዊድናዊው ኢንገማር ስቴንማርክ ነበር። 86 ድል። 46 በጃያንት ስላሎም፣ 40 በስላሎም። የመጀመሪያውን ያገኘው በ1974 ነው፣ የመጨረሻውን በ1989። ያ የመጨረሻው የት እንደነበር ታውቃላችሁ? እዚሁ ኮሎራዶ፣ አስፐን። ከዚያ በኋላ 34 ዓመት ማንም አልነካውም። ከሴቶች አሜሪካዊቷ ሊንዚ ቮን 82 ደርሳ በ2019 ጡረታ ወጣች።

ሺፍሪን ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ኦስትሪያ ዜመሪንግ ሄደች። ሦስት ቀን፣ ሦስት ውድድር፣ ሦስት ድል። በሦስተኛው 80 ሞላ። ጃንዋሪ 4 ዛግሬብ፣ 81። ጃንዋሪ 8 ስሎቬኒያ፣ ክራንስካ ጎራ፣ 82፤ ከቮን ጋር እኩል ሆነች። ፍላኻው ላይ ግን ስሎቫካዊቷ ፔትራ ቭልሆቫ አሸነፈቻት። ጃንዋሪ 24 ጣሊያን ክሮንፕላትዝ፣ 83። አሁን ከሴቶች ብቻዋን ቀደመች። በማግስቱ 84። ጃንዋሪ 28 ቼክ አገር፣ ሽፒንድለሩቭ ምሊን፣ 85።

በማግስቱ፣ እሑድ ጃንዋሪ 29፣ እዚያው ሽፒንድለሩቭ ምሊን ሌላ ስላሎም አለ። ብታሸንፍ 86 ነው። የሚያስገርመው፣ ይህች ልጅ በዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረችው በዚያው ተራራ ላይ ነበር። ማርች 11 ቀን 2011፣ 16 ዓመቷን ለመድፈን ሁለት ቀን ሲቀራት። የተነሳችበት ቦታ ላይ ስቴንማርክን ልትደርስበት ነው። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ እየመራች ነው። እንግዲህ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው። ላይ ላይ ብቻዋን ቀረች።

ከእሷ በፊት ጀርመናዊቷ ሌና ዲዩር ወረደች። ሌና በቤጂንግ ስላሎም ከመጀመሪያው ዙር በኋላ እየመራች የነበረች ናት፣ በመጨረሻ አራተኛ የወጣች። በዓለም ዋንጫ ያሸነፈችው አንዴ ብቻ ነበር፣ ከአሥር ዓመት በፊት። አሁን ሕይወቷን የሰጠች ይመስል ወረደች። ሺፍሪን ተከተለች። እያየሁ ነው፣ ሰዓቱ አረንጓዴ ነው፣ እየቀደመች ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ መስመሩን ስታልፍ ቀይ ሆነ፣ ተቀደመች። 0.06 ሰከንድ። በርቀት ብታስቡት አንድ ሜትር አይሞላም።

ሺፍሪን ምን አደረገች? ቁጥሩን አየች፣ ሳቀች፣ ሄዳ ሌናን አቀፈቻት። እኔ ሶፋዬ ላይ ተናድጃለሁ፣ እሷ ታች ሌናን አቅፋ ትስቃለች። ያኔ ነው ስለ ቤጂንግ የገባኝ። ቤጂንግ ላይ በረዶው ላይ የተቀመጠችውና እዚህ የሳቀችው አንድ ሰው ናት። በአንዱ ቀን ብቻ ብትመዝኗት አታውቋትም።

ከዚያ ሽንፈት እስከ ቀጣዩ ድል 40 ቀን አለፈ። ያ 40 ቀን ባዶ አልነበረም። መሀል ላይ ፈረንሳይ፣ ኩርሼቬልና ሜሪቤል የዓለም ሻምፒዮና ነበር፤ ያ ግን ለዓለም ዋንጫው ድል አይቆጠርም። እዚያ በመጀመሪያው ውድድር መጨረሻው ጥቂት በሮች ሲቀሩት ወጣች፣ ጋዜጦች ቤጂንግን አነሱባት። ቀጥሎ በሱፐር ጂ ብር። ከዚያ ለዓመታት አብሯት የነበረው አሠልጣኝ በውድድሩ መሀል ተለያት። በማግስቱ ማለት ይቻላል፣ በጃያንት ስላሎም ወርቅ። በስላሎም ደግሞ ካናዳዊቷ ሎራንስ ሴን ዠርመን ማንም ሳይጠብቃት ቀደመቻትና ሺፍሪን ብር ወሰደች። ከዚያ ኖርዌይ ሄደች፣ ክቪትፍየል፤ አላሸነፈችም፣ ግን ነጥቡ ሞላና ትልቁ ሉል ለአምስተኛ ጊዜ የእሷ መሆኑ ተረጋገጠ።

ከዚያ ኦረ። ስዊድን። የስቴንማርክ አገር።

ኦረ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ሺፍሪን በዓለም ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈችው እዚያ ነው፣ በታኅሣሥ 2012፣ በ17 ዓመቷ። ዓርብ ማርች 10 ቀን 2023፣ ጃያንት ስላሎም አሸነፈች። 86። እኩል። በማግስቱ ስላሎም ነው። ቀኑ ማርች 11 ነው፤ በልጅነቷ ሽፒንድለሩቭ ምሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረደች ልክ 12 ዓመት። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ቢጽፈው "አበዛኸው" ይባላል። መጀመሪያውን ዙር መራች። ላይ ላይ ብቻዋን ቀረች። ሌሎቹ ወረዱ። ዌንዲ ሆልደነር ወረደች፣ አና ስቬን ላርሶን ወረደች፣ ኪሊንግተን ላይ እኩል የሆኑት ሁለቱ። ከዚያ እሷ ወረደች፣ ዌንዲን በ0.92 ሰከንድ ቀደመቻት። በስላሎም ይሄ ትልቅ ርቀት ነው። 87።

ታች ወንድሟ ቆሞ ነበር፣ ሳይነግራት ከአሜሪካ የመጣ። እናቷ አብራት ነበረች፤ እናቷ አሠልጣኟም ነበረች። አባቷ አልነበረም። በ2020 ቤት ውስጥ በደረሰ አደጋ ነው የሞተው። መድረክ ላይ ቆማ መዝሙሩ ሲጀምር ዓይኖቿን ጨፈነች። እኔ እዚህ ጋ ስልኬን አስቀመጥኩ። ልጄ ከእንቅልፏ ነቅታ መጥታ "አባዬ ለምን ታለቅሳለህ?" አለችኝ። "የቬይል ልጅ አሸነፈች" አልኳት።

ስቴንማርክን ከእሷ ጋር ማነጻጸር ልክ አይደለም የሚሉ አሉ። እሱ በሁለት ዓይነት ውድድር ብቻ ነው ያሸነፈው፣ እሷ በሁሉም። በእሱ ጊዜ ደግሞ የውድድሩ ብዛት ሌላ ነበር። እሱ ራሱ ግን ከእኔ ትበልጣለች ብሎ ጨርሶታል። ትልቅ ሰው እንዲህ ነው።

ወንዶቹን በአጭሩ። ማርኮ ኦደርማት የሚባል ስዊዘርላንዳዊ አለ፣ በዚያ ዘመን 25 ዓመቱ ነበር። 13 ጊዜ አሸነፈ፤ ይህ በወንዶች የአንድ ዘመን ክብረ ወሰን ነው፣ ከስቴንማርክ፣ ከሄርማን ማየርና ከማርሴል ሂርሸር ጋር ተጋራው። ነጥቡ 2042 ደረሰ። ማየር በ2000 ያስመዘገበው ልክ 2000 ነጥብ ነበር፣ 23 ዓመት ሳይደፈር ቆይቷል። መሀል ላይ ግን ኪትስቡል በሚባለው አስፈሪ ተራራ ላይ ሊወድቅ ደርሶ ጉልበቱን ተጎዳ፣ ቀጣዮቹን ውድድሮች ተወ። ያ ከበረዶ ማጣት የተነሳ ወደ ኮርቲና ተዛወረ ያልኳችሁ ውድድር ትዝ ይላችኋል? እዚያ ተመልሶ መጣና ሁለቱንም ቀን አሸነፈ። ስለ እሱ ብቻ ሌላ ምሽት ብንቀመጥ ይገባዋል።

አሁን ቅድም ወዳቆየሁት ጥያቄ ልምጣ። እኛና ስኪ ምን አገናኘን?

በዚያው ዘመን፣ በየካቲት፣ ኤ ጄ ጊኒስ የሚባል ልጅ ፈረንሳይ ሻሞኒ ላይ በስላሎም ሁለተኛ ወጣ። አገሩ ግሪክ ነው። አቴንስ ነው የተወለደው። ግሪክ በዓለም ዋንጫ ስኪ መድረክ ላይ ስትቆም ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዓለም ሻምፒዮናው ብር ወሰደ። ለአሜሪካ ይወዳደር ነበር፣ ከቡድኑ ወጣ፣ ጉልበቱ ደጋግሞ ተጎዳ፣ ከዚያ ለተወለደባት አገር መወዳደር ጀመረ። ግሪክ ሲባል ማን ስኪ ያስባል? ባሕርና ፀሐይ ነው የሚታሰበው።

የእኛም አለ። ሮቤል ተክለማርያም። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ መጣ። ስኪ እዚህ ለመደ፣ ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲም በስኪ ተወዳድሯል። በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተሳተፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመለሰ። የእሱ ውድድር አገር አቋራጭ ስኪ ነው፣ ሜዳ ለሜዳና ዳገት የሚሄዱበት፣ ትንፋሽ የሚጠይቅ። በቁልቁለቱ ደግሞ ሻነን አበዳ አለ፤ ካናዳ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ኤርትራውያን። በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ ለኤርትራ በጃያንት ስላሎም ተወዳደረ፣ 61ኛ ወጣ። ጨረስኩ ብሎ አልቀረም። በ2022 ቤጂንግ ተመልሶ 39ኛ ሆነ። ቤጂንግ ላይ ሺፍሪን በወደቀችበት ውድድር ዓይነት እሱ ሁለቱንም ዙር ጨርሶ ወረደ። ይህንን ሳውቅ ደስ አለኝ።

ልጆቻችን እዚህ ተራራ ሥር ነው የሚያድጉት። ትምህርት ቤታቸው ወደ ስኪ ጉዞ ሲያዘጋጅ ስንቶቻችን ነን "ይበርድሻል፣ ትወድቂያለሽ" ብለን የምናስቀር? እኔ አስቀርቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ዋጋው ውድ ነው፣ አልክድም፤ ለብዙዎቻችን የአንድ ቀን ትኬቱ ብቻ የሁለት ቀን ደሞዝ ነው። ግን ያስቀረኋት በገንዘብ ምክንያት አልነበረም። የእኛ አይደለም ብዬ ነው። ባለፈው ዓመት ላክኋት። በጀማሪዎቹ ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ስትወድቅ ዋለች። ማታ ስወስዳት ጓንቷ ረጥቧል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ስንት ጊዜ እንደወደቀች ቆጥራ ይዛለች። አሥራ ዘጠኝ። "ሃያ ሳይሞላ ቆሜ ወረድኩ" አለችኝ።

አንድ ነገር ቀርታኛለች። ኦረ ላይ 87 ከሞላ በኋላ የዘመኑ መዝጊያ ነበር፣ አንዶራ፣ ሶልዴው፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ። ሺፍሪን ትልቁን ሉል ይዛለች። የስላሎሙን ሉል ይዛለች። የጃያንት ስላሎሙንም ኦረ ላይ አረጋግጣለች። ክብረ ወሰኑም የእሷ ነው። የሚያስፈልጋት ነጥብ የለም። እኔ አትወዳደርም ብዬ ነበር፣ ቢያንስ ዘና ብላ ትወርዳለች አልኩ። እሑድ ማርች 19፣ በመጨረሻው ቀን፣ የጃያንት ስላሎም መነሻ ላይ ቆመች። መነፅሯን አወረደች፣ በዱላዋ በረዶውን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገች፣ ወጣች። አሸነፈች። 88። የዘመኑ 14ኛ ድል፣ በጃያንት ስላሎም 21ኛዋ፤ በሴቶች እዚያ የደረሰ አልነበረም።

እኔ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ቫኑን ላሞቅ ወጣሁ። የጠዋት ተሳፋሪዎች ነበሩኝ፣ ወደ ቬይል።